እማዬ መታጠቢያ ቤት ስትቆይ፦ ያለ ካሜራ የሚጠብቅ ሴንሰር አሠራር

ሥራዬ ዲሽ መግጠም ነው። ቀኔን የማሳልፈው የሰው ጣሪያ ላይ ነው። እማዬ የወደቀች ዕለትም ሰበታ አንድ ጣሪያ ላይ ቆሜ ሲግናል እየፈለግኩ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ተረኛ ነበረች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ቤት የነበረችው ሠራተኛችን ብቻ ናት።

እማዬ ከደብረ ብርሃን መጥታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነበር። ስኳር አለባት። ያን ቀን ጠዋት መርፌዋን ተወግታ፣ ቁርሷን ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትታ መታጠቢያ ቤት ገባች። እዚያው ስኳሯ ወረደና ወደቀች። ሠራተኛችን የውሃውን ድምፅ ሰምታ "እየታጠቡ ነው" ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ማንም እንደዚያ ያስባል። ነገሩ ያላማራት ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። በሩን ብትገፋው አልከፈት አለ። የያዘው መቀርቀሪያው አልነበረም። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው፤ እማዬ ደግሞ የተዘረጋችው በሩ ሥር ነው።

ተርፋለች። የእጇ አንጓ ተሰነጠቀ እንጂ ዳሌዋ ደህና ነው፤ ተመስገን። እኔ ግን ያቺን አርባ ደቂቃ መርሳት አቃተኝ። ይህን ነገር መሥራት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። አሁን ግድግዳ ላይ ያለው ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለምን እንዳልሆኑም እነግራችኋለሁ፤ ብዙውን የተማርኩት ከነሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሴንሰር በሽታ አያውቅም። ስኳር ወረደ፣ ግፊት ወጣ፣ ስትሮክ ነው አይላችሁም። የሚያውቀው ክፍሉ ውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩን፣ ካለም መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሱን ነው። ሰዓቱን እኛ እንጨምርበታለን። "ሰው ገብቷል፣ አልወጣም፣ ይህን ያህል ደቂቃ አልተንቀሳቀሰም።" ከዚህ በላይ አትጠብቁበት። የቀረው ሥራው በሩን መክፈት የሚችል ሰው መጥራት ነው።

ከሴንሰሩ በፊት በሩ

ይህን ዘላችሁ ወደ ሽቦው እንዳትሮጡ። በሩ ካልተከፈተ ማንቂያው ጩኸት ብቻ ነው።

እኔ አናጢ ጠርቼ በሩን ወደ ውጭ እንዲከፈት አስገለበጥኩት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ኮሪደራችሁ ጠቦ በሩ ወደ ውጭ አልሄድ ካለ፣ ማጠፊያውን በሩን ወደ ላይ አንስቶ ማውለቅ በሚቻልበት ዓይነት አስቀይሩት። መቀርቀሪያውን ነቅዬ ጣልኩት። በምትኩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ከውጭ ደግሞ በሳንቲም የሚዞር ቁልፍ አስገባሁ። እማዬ ቆልፋ መግባት መብቷ ነው፤ እኛ ደግሞ በችግር ጊዜ መክፈት አለብን።

ቀጥሎ ገመድ። ከጣሪያው ላይ የሚሳብ ማብሪያ አድርጌ ቀይ ገመድ ወደ ታች ለቀቅኩ። ገመዱ ወለሉ ሊደርስ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ነው የሚያበቃው። የወደቀ ሰው እጁ የሚደርሰው እዚያ ነውና። በሦስተኛው ቀን ብመለስ ሠራተኛችን ወለል ስታጥብ አስቸግሯት ጠቅልላ ላይ አስራዋለች። ወለሉ ላይ ተኝቼ እጄን ዘርግቼ አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ አልታሰረም። ዘመድ የምትጠብቁ ሁሉ ሌላውን ነገር ባትሠሩ እንኳ ይቺን ገመድ ሥሩ። የሚያሳዝነው ራሱን የሳተ ሰው ገመድ አይስብም። ሴንሰር ያስፈለገን ለዚያ ነው።

ካሜራ ግጠምላት ያሉኝ ነበሩ። እናቴን? መታጠቢያ ቤት ውስጥ? አልመለስኩላቸውም። የእጅ ሰዓትም ያሉኝ አሉ፤ ስትወድቅ የሚያውቅ ሰዓት አለ። እማዬ ግን ለመታጠብ ስትገባ ጣቷ ላይ ያለችውን ቀለበት ሳይቀር ነው የምታወልቀው።

እሷንም ጠየቅኳት። "ታየኛለች?" አለችኝ መሣሪያዋን። ስልኬ ላይ አሳየኋት፤ ሰው ሲኖር አንድ፣ ሲወጣ ዜሮ። "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው። አንድ ነገር ግን ቃል አስገባችኝ፤ ስልኩ ቢደወል መጀመሪያ የሚገባው ሴት ይሁን።

የትኛው ሴንሰር?

የመጀመሪያው ሙከራዬ የማግኔት ማብሪያ ነበር። ሱቆች ለሌባ ማንቂያ በር ላይ የሚገጥሙት ነው። አንዱ ቁራጭ በሩ ላይ፣ አንዱ መቃኑ ላይ። በሩ ከተዘጋ ሃያ ደቂቃ ካለፈ ይደውላል። ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አራት ቀን ሠራ። በአምስተኛው ቀን ያወቅኩት እማዬ ቀን ቀን፣ ቤት ውስጥ ሴቶች ብቻ ሲሆኑ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምትገባው። ማግኔቱ አይገናኝም። ለመሣሪያው ማንም አልገባም።

ሁለተኛው ፒአይአር የሚባለው ነው። ሰው ሲያልፍ መብራት የሚያበራው ነጭ ጉልላት፣ ታውቁታላችሁ። ኤችሲ-ኤስአር501 የሚባለው በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። ይህ ሴንሰር የሚያየው የሰውነት ሙቀት ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ነው። ዝም ብሎ የተኛ ሰው ለሱ እንደሌለ ነው። እዚህ ላይ ነው ጉዱ፤ "ክፍሉ ባዶ ነው" እና "ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም" ለሱ አንድ ናቸው። እኛ ደግሞ መለየት የፈለግነው በትክክል እነዚህን ሁለቱን ነው። የሙቅ ውሃ እንፋሎትም ያሳስተዋል። ኮሪደር ላይ ይሁን፤ መታጠቢያ ቤት ላይ ብቻውን አትመኑት።

ሦስተኛው ትንሽ ራዳር ነው። ኤችኤልኬ-ኤልዲ2410 ይባላል። ስፋቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጥም። በ24 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይልካል፣ የተመለሰውን ያነባል። ጥሩ ነገሩ ለሚንቀሳቀስ ሰውና ለቆመ ሰው ለየብቻ ቁጥር ይሰጣል። የተቀመጠ ሰው ደረት በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ሲል እንኳ ያገኘዋል። ምስል የለውም፣ ድምፅ የለውም። በፕላስቲክ ውስጥ ያያል፤ በብረት ውስጥ አያይም። በ5 ቮልት ይሠራል። መጨረሻው ላይ "ቢ" ያለበትን ከገዛችሁ ብሉቱዝ አለው፣ ማስተካከያውን በስልክ ትጨርሳላችሁ። ያለ መሰላል።

የማግኔት ማብሪያውንም አልጣልኩትም። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው የሚሠሩት። ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ ብሬቭ የሚባል ኅብረት ሥራ ማኅበር በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች አደንዛዥ ዕፅ በዝቶበት የሚወድቅን ሰው ለማግኘት የበር ሴንሰርና ራዳር አንድ ላይ ነው የሚገጥመው። እኔ ይህን ያነበብኩት የራሴን ከሠራሁ በኋላ ነው። በራሴ ኮራሁ፤ ምን ላድርግ።

አገጣጠሙ

አእምሮው ኢኤስፒ32 የምትባል፣ ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ ናት። እሷን፣ ባትሪውንና መደወያውን የስልክ ሰሌዳ ኮሪደሩ ላይ በአንድ ሳጥን አስቀመጥኩ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚገባው ራዳሩ፣ የገመዱ ማብሪያና አንድ ጩኸት አውጪ ብቻ ነው። ሁሉም 5 ቮልት። የቤቱን 220 ቮልት መስመር እርጥብ ክፍል ውስጥ አታስገቡ። ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን ማንበብ አያስፈልገውም፣ የማያውቀው ግን ያስፈልገዋል።

ራዳሩን በፕላስቲክ የመብራት መገናኛ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንኩ። የሽቦው ቀዳዳ ወደ ታች ይሁን፤ እንፋሎት ውሃ ሆኖ እንዳይንጠባጠብበት። ቦታው ከመቀመጫው ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነው፣ ከፍታው እኔ እጄን ወደ ላይ ስዘረጋ የሚደርስበት፣ ፊቱ ትንሽ ወደ ወለሉ ያዘነበለ።

እዚህ ጋ ቁጭ ብላችሁ አስተካክሉ። ራዳሩ ርቀትን በ75 ሳንቲ ሜትር ክፍልፋይ ነው የሚቆጥረው፤ ብትለቁት አምስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይሄዳል። የኛ መታጠቢያ ቤት ርዝመቱ ሁለት ሜትር ገደማ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳውን አልፎ ወጥ ቤት ሽንኩርት የምትከትፈውን ሠራተኛችንን እየቆጠረ "እንቅስቃሴ አለ" ይለኝ ነበር። ሦስተኛው ክፍልፋይ ላይ ቆረጥኩት።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ያለ ምክንያት መጮኹን ነው። እኔ የምፈራው ተቃራኒውን ነው። ያለ ምክንያት ከጮኸ ጎረቤት ይስቃል፣ ያልፋል። እማዬ ወድቃ ሳለ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር አይቶ "ደህና ናት" ካለ ግን ያቺ አርባ ደቂቃ ተመልሳ መጣች ማለት ነው። ስለዚህ ክፍሉን ባዶ አድርጋችሁ የሚንቀሳቀሰውን ሁሉ አንድ በአንድ ፈትኑ። የአየር ማውጫውን ፋን አብሩ። ሻወሩን ክፈቱ። መጋረጃውን በንፋስ አስነኩ። ገመድ ላይ የተሰጣውን ፎጣ አወዛውዙ። እኔ ቤት ጥፋተኛው የፕላስቲክ መጋረጃው ነበር፤ መስኮቱ ሲከፈት እንደ ሰው ነበር የሚቆጥረው። መጋረጃውን አነሳሁት። ለሻወሩ ደግሞ ራዳሩ እንቅስቃሴ የሚሰማበትን መጠን ደረጃ በደረጃ እየቀነስኩ፣ የሚፈስ ውሃ ሰው መምሰሉን እስኪተው ድረስ ስሞክር አመሸሁ። ያን ቀን እማዬን የደበቃት ውሃው ነበርና እልህ ይዞኛል።

ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ መቁጠር

ደቂቃውን ከጭንቅላታችሁ አታምጡ። መሣሪያው ሁለት ሳምንት ማንንም ሳይጠራ ይመዝግብ።

የእማዬ ደብተር የሚለው ይህን ነው። በአዘቦት ቀን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ደቂቃ ትቆያለች። ሌሊት ትነሳለች፤ አምስት ደቂቃ። ቅዳሜ ገላዋን ስትታጠብ ሠላሳ አምስት ደርሳ ታውቃለች። ዋናው ነገር ግን ሳትንቀሳቀስ የቆየችበት ረጅሙ ጊዜ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አልፎ አያውቅም። ሰው ቁጭ ብሎም እጁን ያነሳል፣ ነጠላውን ይሰበስባል፣ ያስላል።

ከዚህ ተነስቼ ሕጎቹን አወጣሁ። ሰው ካለና አራት ደቂቃ ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ያለው ጩኸት አውጪ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይጮኻል። "እማዬ፣ አለሽ?" እንደማለት ነው። እጇን ብታወዛውዝ ይበቃል፣ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ለአንድ ደቂቃ ተኩል ምንም ከሌለ ስልክ ይደወላል። እየተንቀሳቀሰችም ቢሆን ጠቅላላው ቆይታ አርባ አምስት ደቂቃ ካለፈ እንዲሁ ያስጠነቅቃል። ወድቆ የሚንፈራገጥ ሰውም ይንቀሳቀሳልና። ገመዱ ከተሳበ ደግሞ ጥያቄ የለም፣ ወዲያው ነው።

ትንሽ አስቤበት ያስገባሁት ሌላ ሕግ አለ። በሩ ተዘግቶ ውስጥ ሰው ከታየ፣ ከዚያ በኋላ በሩ እስካልተከፈተ ድረስ ሰው አለ። ራዳሩ "የለም" ቢል እንኳ። ሰው በግድግዳ አይወጣም። ራዳሩ የጠፋበት ሰውዬው ከማጠቢያ ማሽኑ ኋላ ስለወደቀ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላስገባ ፕሮግራም በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት "ባዶ ነው" ብሎ ይተኛል። በሩ ገርበብ ካለ ደግሞ ራዳሩ ብቻውን ይወስናል፤ ያን ያህል አስተማማኝ ባይሆንም።

የናንተ ሰው ደቂቃ የተለየ ነው። የሆድ ድርቀት ያለበት አባት አራት ደቂቃ ላይ ቢጮኽበት መሣሪያውን በጫማ ነው የሚመታው።

ማን ይጠራ? በምን?

በዋይፋይ አልታመንኩም። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣም አንዳንዴ አይመጣም። ስለዚህ ሲም800ኤል የምትባል ትንሽ የስልክ ሰሌዳ አስገባሁ። ተራ ሲም ካርድ ትወስዳለች፣ በ2ጂ ትሠራለች፣ ትደውላለች፣ መልእክት ትልካለች።

ይቺ ሰሌዳ አንድ ጠባይ አላት። ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው የምትፈልገው። የመጀመሪያዋን 5 ቮልት ሰጥቼ አቃጠልኳት። ሁለተኛዋ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ልክ ልትደውል ስትል ትጠፋለች። ሦስት ቀን ፕሮግራሙን ስወቅስ ከረምኩ። ችግሩ ሞገድ ስትልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ትስባለች፤ ቀጭኗ ሽቦዬ ያን አትሸከምም። ከላፕቶፕ ባትሪ የወጣ 18650 ባትሪ ለብቻዋ ሰጠኋት፣ አጠገቧ ለቅጽበት የሚሆን ኃይል የሚያጠራቅም ባለ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አሰርኩ፣ ሽቦውን አሳጠርኩ። ታረቅን። ኔጋቲቩን ከኢኤስፒ32ቱ ኔጋቲቭ ጋር ማገናኘት እንዳትረሱ። መብራቷ በየሰከንዱ ብልጭ ካለች ኔትወርክ እየፈለገች ነው፤ በየሦስት ሰከንዱ ከሆነ ይዛለች። አሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ከምን አለሽ ተራ ታገኛላችሁ፤ ያበጠ ወይም ከሞላ በኋላ በአንድ ሌሊት የሚወርድ ከሆነ ግን አትጠቀሙበት። ለቀረው መሣሪያ ሰው ለዋይፋይ የሚገዛውን፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ሚኒ ዩፒኤስ፣ 5 ቮልት የሚያወጣውን፣ አደረግኩለት። ማታ የጠፋ መብራት ጠዋት እስኪመጣ ይዞ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ማን? መጀመሪያ የራሴን ቁጥር አስገብቼ ነበር። ሞኝነት ነው። እኔ ሰበታ ጣሪያ ላይ ሆኜ ምን አደርጋለሁ? አሁን መጀመሪያ የሚደወለው የእማዬ ቡና አጣጭ ለሆኑት፣ ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ለሚኖሩት ጎረቤታችን ነው። የቤታችን ትርፍ ቁልፍ እሳቸው ጋ አለ። ካላነሱ ለባለቤቴ፣ ከዚያ ለኔ። አንድ ዙር ካለቀ እንደገና። መልእክትም ይላካል፣ ግን ዋናው ጥሪው ነው። መልእክት ሰው ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም። የመሣሪያውን ቁጥር ስልካቸው ላይ "እማማ መታጠቢያ ቤት" ብዬ መዘገብኩላቸው፤ ሲደወል ምን እንደሆነ ማሰብ የለባቸውም።

አምቡላንስ በቀጥታ እንዲጠራ አላደረግኩም። ያለ ምክንያት ሲጮኽ አምቡላንስ ከሌላ ሰው እንነጥቃለን። የደረሰው ሰው አይቶ ይደውል። አዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ሁለቱንም ትልቅ አድርጌ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ። ከሥሩ ባለቤቴ በእጇ የጻፈችው አለ፦ "ጎትታችሁ አታንሷት። ትተነፍሳለች? እዩ። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ስኳር በውሃ። ራሷን ከሳተች አፏ ውስጥ ምንም አታድርጉ፣ በጎኗ አስተኟት፣ 907።"

በየቀኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መሣሪያው ለኔ አንድ አጭር መልእክት ይልካል፦ "አለሁ።" ካልመጣ ወይ ሂሳቡ አልቋል፣ ወይ ባትሪው ሞቷል፣ ወይ አንድ ሰው ነቅሎታል። ዝም ያለ ጠባቂ ደህና ይሁን ሙት አይታወቅም። ጃፓን ውስጥ ዞጂሩሺ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን የሚያቀርበው የውሃ ማፍያ አለ፤ ሽማግሌው ለሻይ ውሃ ሲቀዱ ራቅ ብለው ያሉ ልጆቻቸው ያውቃሉ። ለኛ ቢሆን ጀበና ላይ ነበር የሚገጠመው።

መኝታ ቤቱና ከሰሉ

መታጠቢያ ቤቱን ጨርሼ እፎይ ስል ባለቤቴ "መኝታ ቤታቸውስ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። እማዬ የደብረ ብርሃን ሰው ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ማንደጃውን ከነፍሙ ይዛ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። "ጭሱ እኮ ውጭ ወጥቶ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው" ትላለች። የሚገድለው ግን ጭሱ ብቻ አይደለም። አየር ባጠረው ክፍል ውስጥ ቀልቶ የሚታየው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። የደማችንን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ይይዘዋል። ሰውዬው እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል።

አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ማንቂያ ላከችልን። የላከችው ግን የጭስ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ እማዬ ዕጣን ስታጨስ ጮኸ፣ ቡና ስትቆላ ጮኸ፣ በማግስቱ ባትሪው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። የጭስ ማንቂያና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የተለያዩ ናቸው። ለከሰል የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

ይህን ደግሞ እባካችሁ በእጃችሁ አትሥሩ። ገበያ ላይ ኤምኪው-7 የሚባል ርካሽ ሴንሰር አለ፤ እኔም ገዝቼዋለሁ። ማሞቂያው 60 ሰከንድ በ5 ቮልት፣ 90 ሰከንድ በ1.4 ቮልት እየተፈራረቀ መሥራት አለበት፤ ከመለካቱ በፊት ሁለት ቀን መሞቅ ይፈልጋል፤ ትክክለኛ ጋዝ ይዛችሁ ካልለካችሁት ቁጥሩ ምን እንደሆነ አታውቁም። ለመማሪያ ጥሩ ነው። የእናቴን እንቅልፍ አልሰጠውም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዙ፤ ጀርባው ላይ ኢኤን 50291 ወይም የአሜሪካውን ዩኤል 2034 የሚል ፈልጉ። ውጭ ያለ ዘመድ "ምን ልላክ?" ሲል ከሽቶ በፊት ይቺን በሉት።

የአውሮፓው ደረጃ እንዲህ ነው የሚለው። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 50ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ውስጥ ይጮኻል። 100 ከሆነ ከ10 እስከ 40 ደቂቃ። 300 ከደረሰ በሦስት ደቂቃ ውስጥ። ይህን ያወቅኩት ሳሎን ውስጥ በክረምት መስኮት ዘግተን ቡና ስንጠጣ ነው። አቦል ላይ ዝም፣ ቶና ላይ ዝም፣ በረካው ሲቀዳ ጮኸ። ጎረቤታችን "ይሄ ደግሞ በረካ ይከለክላል እንዴ?" አሉ። መስኮቱን ከፈትን፤ ማንደጃውን በረንዳ አወጣነው፤ በረካውን እዚያ ጠጣን። ከዚያ ወዲህ የቡናው ቦታ በረንዳው ነው።

ጋዙ ከአየር ጋር ክብደቱ ተቀራራቢ ነው፤ ከላይም ከታችም ብቻ አይሰበሰብም። ማንቂያውን መኝታ ቤት ከሆነ የተኛ ሰው ጭንቅላት ከፍታ ላይ ስቀሉት። ሳሎን ከማንደጃው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። መጋረጃ ኋላ አይሁን። መፈተኛ ቁልፉን ስትጫኑ ቢጮኽ ባትሪውና ድምፁ ደህና ነው ማለት ነው እንጂ ውስጡ ያለው ሴንሰር አላረጀም ማለት አይደለም። የሚያበቃበት ዓመት ጀርባው ላይ አለ፤ ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው።

ከጮኸ ወይም ቤት ውስጥ ያላችሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ፣ ካቅለሸለሻችሁ፣ ምንም ሳትመረምሩ በርና መስኮት ክፈቱና ውጡ። ከዚያ 907። ባለቤቴ ደጋግማ የምትለው ደግሞ ይህን ነው፤ በኮሮና ጊዜ ብዙ ቤት የገባችው ጣት ላይ የምትደረገው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ጋ ትዋሻለች። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን እንደያዘ ቆጥራ 98 ልትላችሁ ትችላለች። እሷን አይታችሁ ቤት እንዳትቀሩ። ሰውዬው ኦክስጅን ያስፈልገዋል፣ ያለው ሆስፒታል ነው።

ፈተና

የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የፈተና ቀን ነው። ለጎረቤታችን አልነግራቸውም፤ ለእማዬ ብቻ ነው የምነግራት። የፕላስቲክ ወንበር አስገባላታለሁ፣ በሩን ዘግታ ትቀመጣለች፣ አትነቃነቅም። እኔ ኮሪደር ላይ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ። ጩኸት አውጪው "አለሽ?" ሲል ዝም እንድትል ነግሬያታለሁ፤ ይከብዳታል። አንድ ጊዜ "አለሁ፣ አለሁ" ብላ መለሰችለት፣ እጇንም አወዛወዘች፣ እንደ አዲስ ጀመርን።

ባለፈው ወር መንቀሳቀስ ካቆመች ጎረቤታችን በሩን ከፍተው እስኪገቡ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ። አምስት ተኩሉ የመሣሪያው ነው። ደረጃውን ለመውጣት አርባ ሰከንድ። የቀረው ሁሉ ቁልፍ ፍለጋ ነበር፤ ቦርሳ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ላይ፣ ከዚያ ትራስ ሥር። እየሮጡ ሲገቡ እማዬ ወንበሯ ላይ ናት። "አሁን እኔ ሞቼ ብሆን ቁልፍ እየፈለግሽ ነበር?" አለቻቸው።

ቁልፉ አሁን በቀይ ክር ታስሮ ከበራቸው ኋላ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።